የወንድሜ አወዳደቅ

ቀበቶ ከወገብ ላይ በአንድ ትንፋሽ ሲመዘዝ የሚሰጠው ድምፅ ከሌላ ከምንም ድምፅ ጋር አይመሳሰልም፤ ፉጨትም አይደለም፣ የጨርቅ መቀደድም አይደለም፣ የሁለቱ ድብልቅ ሆኖ መጨረሻው ላይ የዘለበት ቅጭልታ ያለበት ነው። ያንን ድምፅ ከሃምሳ ዓመት በላይ ቆይቼ መልሼ የሰማሁት ናይሮቢ፣ ሳውዝ ሲ በሚባል ሰፈር በሚገኘው የልጄ ቤት ሳሎን ውስጥ፣ ብርዱ አጥንት ድረስ በሚዘልቅበት የሐምሌ ወር፣ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር። ድምፁ የመጣው ከቴሌቪዥኑ ነው። በፊልሙ ውስጥ አንድ አባት ልጁን ጥግ አስይዞ ቀበቶውን መዘዘ፤ እኔም፣ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ድራማ ያጠናሁና ለብዙ ዘመን ያስተማርኩ ሽማግሌ፣ ክንዴን አንሥቼ ፊቴን ጋረድኩ።

የልጅ ልጄ ናኦሚ ሳቀች። «ባባ፣ ሪላክስ! ሙቪ እኮ ነው» አለችኝ። አጠገቤ የነበረው ታላቅ ወንድሜ ዘውዴ ግን አልሳቀም። ክንዴን ይዞ ቀስ አድርጎ አወረደልኝና፣ «ልጁን ሆኖ የሚሠራው ተዋናይ ደህና ነው፤ ገና ሳይመታ ዓይኑን ጨፈነ» አለ።

ዘውዴ የሚኖረው ኢስትሊ በሚባለው የናይሮቢ ሰፈር፣ ልጁ የጨርቅ ሱቅ ከከፈተበት ሕንፃ በላይ ባለች አንዲት ክፍል ነበር። በየቅዳሜው ማታቱ ከሚሏቸው ሚኒባሶች ሁለት ቀያይሮ፣ ከመንገድ ዳር የተገዛ ዲቪዲ በኮቱ ኪስ ይዞ ይመጣና፣ ሁልጊዜ በስተቀኝ ጥግ ባለችው ወንበር ላይ ይቀመጥ ነበር፤ እዚያች ላይ ሲቀመጥ ቴሌቪዥኑም እኛም በግራ ጆሮው በኩል እንሆንለታለን። ቀኝ ጆሮው አይሰማም። ናኦሚ የምታውቀው ይህንን ብቻ ነበር፤ አንዳንዴም ከግድግዳው በኩል ሾልካ ትገባና፣ «ጋሽ ዘውዴ፣ ቢስኩትህን ልብላው?» ብላ በሹክሹክታ ጠይቃው፣ መልስ ስታጣ፣ «ዝም ማለት እሺ ማለት ነው» እያለች ትበላበት ነበር። እሱም እያወቀ ዝም ይላት ነበር።

የቅዳሜዎቹ ዋና ጉዳይ ክርክር ነበር። እኔ የድሮዎቹን ተዋንያን አስበልጥ ነበር። የድሮ ተዋናይ ካሜራው ራቅ ብሎ ቆሞ ከራስ ፀጉሩ እስከ ጫማው ስለሚያየው መደበቂያ አልነበረውም፤ ሲራመድ በመላ አካሉ ይራመዳል፣ ሲቆጣ በጀርባው ጭምር ይቆጣል፣ ሲወድቅም ከቆመበት እስከ መሬት ያለውን መንገድ ሳያቋርጥ ያሳየናል። የዛሬውን ግን ዓይኑን ለብቻ፣ ቡጢውን ለብቻ፣ መሬት ላይ የተዘረጋ እጁን ለብቻ ቀርጸው በመቀስ ስለሚገጣጥሙት፣ የወደቀው ሰውየው ይሁን መቀሱ አይታወቅም እል ነበር። ዘውዴ በዚህ ይስቅብኝ ነበር። «ያንተዎቹ ሲወድቁ ልብሳቸው እንዳይቆሽሽ ይጠነቀቃሉ፤ ከሞቱ በኋላ እንኳ ፀጉራቸው እንደተበጠረ ነው። የዛሬዎቹ ሲመቱ መልካቸው ይበላሻል። የተመታ ሰው መልኩ ይበላሻል፣ ማሙሽ፤ አንተ ረስተኸው ነው።» በዚያ ዕድሜዬ ማሙሽ ብሎ የሚጠራኝ እሱ ብቻ ነበር፤ ናኦሚ ይህን ስም በሰማች ቁጥር በሳቅ ትንከተከት ነበር።

በዚያች ቅዳሜ ዘውዴ ዘግይቶ፣ ኮቱ አቧራ ለብሶ ነበር የመጣው። ምን እንደሆነ ስጠይቀው መጀመሪያ ውኃ ጠጣ። «ማታቱ መቆሚያው ላይ አንዱን ልጅ፣ ሞባይል ነጠቀ ብለው፣ ‹ሙዊዚ! ሙዊዚ!› እያሉ ከበቡት» አለኝ። ሙዊዚ በስዋሂሊ ሌባ ማለት ነው፤ ያ ጩኸት በናይሮቢ ጎዳና ላይ ከተሰማ ከየሱቁ ደጃፍ ድንጋይና ፍልጥ ይዞ የማይወጣ ሰው ጥቂት ነው። «በድንጋይ ጀመሩት፤ ከዚያ አንዱ በብረት መታው። ማሙሽ፣ እንደ ጆንያ ነው የወረደው። እጁን እንኳ ወደ ፊት አላደረገም።»

«ተነሣ?»

«እንጃ፤ በግፊያ ማታቱ ውስጥ ገባሁ፤ ሾፌሩም ነዳው።»

ከዚያ ዲቪዲውን አውጥቶ ለናኦሚ ሰጣትና ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። እጁን ወደ ፊት ሳያደርግ እንደ ጆንያ የወረደ ልጅ በሕይወቴ አንድ ጊዜ አይቻለሁ፤ ያንን ለመናገር ወደ ድሬዳዋ መመለስ ይኖርብኛል።

አባታችን በድሬዳዋ የባቡር ወርክሾፕ ውስጥ ብረት ቀጥቃጭ ነበር። ክንዱ ላይ የእሳት ፍንጣሪ የተወው ጠባሳ ነበረበት፤ መዳፉም የጋለ ብረት ከመልመዱ የተነሣ ከምድጃ ላይ ፍም አንሥቶ ሲጃራውን ይለኩስ ነበር። ይህ ሰው ከዓለም ሁሉ የሚወደው ሲኒማ ነበር። በበጋው ወራት፣ ፀሐይ ስትጠልቅና ቀኑን ሙሉ የጋለው አሸዋ መቀዝቀዝ ሲጀምር፣ በየእሑዱ ኮቱን ለብሶ፣ ዘውዴንና እኔን ግራና ቀኝ ይዞ፣ ጣሪያ ወደሌለው ሲኒማ ቤት ይወስደን ነበር። ሸራው በኖራ የተለሰነ ግድግዳ ነበር፤ ወንበሩ ረጅም ጣውላ ነበር፤ ባቡር ሲያልፍ የተዋንያኑ ድምፅ ይዋጣል፤ ባይዋጥም ቋንቋቸውን የሚያውቅ ስላልነበረ ያጣነው ነገር አልነበረም። ሁላችንም የምናነበው ፊት ነበር።

ከሁሉ ይልቅ አንድ ተዋናይ አይረሳኝም። አገጩ ሰፊ፣ ቅንድቡ የገጠመ፣ በየፊልሙ ክፉ ሰው ሆኖ የሚመጣ ነበር። ሊመታ ሲል አይጮኽም፤ ከንፈሩን ብቻ እንደሚያስብ ሰው በጥቂቱ ያሞጠሙጣል፣ ከዚያ በኋላ ሕፃኑም፣ ሴቲቱም፣ ሽማግሌውም ከፊቱ ይረግፉ ነበር። እሱ ከንፈሩን ሲያሞጠሙጥ አባታችን መሐረቡን ያወጣ ነበር። በሸራው ላይ አንድ ልጅ በተመታ ቁጥር ያ ብረት ቀጥቃጭ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ያለቅስ ነበር፤ «አረመኔ! አንድ ፍሬ ልጅ!» እያለ ጣውላውን በጡጫ ይደበድብ ነበር።

በማግስቱ ከሥራ ሲመለስ ቀበቶውን ይመዝ ነበር። ምክንያቱ የፈሰሰ ውኃ ወይም የጠፋ እርሳስ ሊሆን ይችላል፤ ምክንያት ካላገኘም፣ «ያልተቀጣ ልጅ ሲቆጡት ያለቅሳል» ይልና ይጀምራል። የሰው ፊት ማንበብን ዩኒቨርሲቲ አላስተማረኝም። አባታችን በር ሲከፍት፣ ባርኔጣውን ሳያወልቅ፣ ከንፈሩን አይቼ ምሽቱ ምን እንደሚሆን አውቅ ነበር፤ እሱም ሳያውቀው እንደዚያ ተዋናይ ያሞጠሙጥ ነበርና።

ከምቱ የምንተርፍበትን መላ ያገኘው ዘውዴ ነው። በፊልሙ ውስጥ ቶሎ የወደቀ ሰው ብዙ እንደማይመታ ልብ አለ፤ ከዚያም በጋውን ሙሉ፣ ከትምህርት ቤት በኋላ፣ በደረቀው ወንዝ አሸዋ ላይ እየወሰደኝ መውደቅን አጠና። መጀመሪያ ጉልበት፣ ቀጥሎ ዳሌ፣ ቀጥሎ ትከሻ፣ ከሁሉ በኋላ ጭንቅላት፣ እሱም በታጠፈ ክንድ ላይ። «እንደ እንጨት አትውደቅ፤ እንደ ጋቢ ውደቅ» ይለኝ ነበር። አንድ ምልክትም ነበረን፤ የወደቀው የእግሩን አውራ ጣት በቀስታ ያንቀሳቅሳል፤ «ደህና ነኝ፣ ትወና ነው» ማለት ነበር። መላው ሠራ። አባታችን የመጀመሪያውን ምት አሳርፎ ልጁ መሬት ላይ ተዘርሮ ዓይኑን ሲገለብጥ ሲያይ፣ ቀበቶው ከእጁ እንደተንጠለጠለ ቆም ይልና ወደ ውጭ ይወጣ ነበር። እናታችን ሚስጥሩን ታውቅ ነበር። እኛ ስንወድቅ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች፣ ትከሻዋም ይንቀጠቀጣል፤ የምታለቅስ ይመስለኝ ነበር፣ ሳድግ ግን ሳቋን ትደብቅ እንደነበር ነገረችኝ።

የበልጉ ዝናብ አቧራውን ሲያስተኛው ዘውዴ ትወናውን ወደ ግቢያችን አመጣው። የሰፈሩ ልጆች ድንጋይ ላይ ይደረደራሉ፣ እኔ የምገደለው ሰው እሆናለሁ፣ እሱ የቀረውን ሁሉ ይሆናል። ለደም እንዲሆነን ከእናታችን ጓዳ ቀይ ሥር ሰርቀን እንጨምቅ ነበር፤ ጣፋጭ ስለነበር ከሞትኩ በኋላ ከንፈሬን እየላስኩ ተመልካቹን አስቅ ነበር፤ «ሬሳ አይልስም!» እያለ ዘውዴ በእግሩ ይነካኝ ነበር። በዕድሜዬ ብዙ ተዋንያን አይቻለሁ፣ ጥቂቶቹንም በክፍል ውስጥ ስተነትን ዘመኔን ጨርሻለሁ፤ ያንን ልጅ የሚያህል ግን አላየሁም። ባርኔጣ ሳያደርግ ባርኔጣ ያደረገ ሰው ይሆን ነበር። ባልቴት ሲሆን ጥርሱ የረገፈ ይመስለን ነበር።

ከዚያ ክረምቱ ገባ። ደጋው ላይ የዘነበው ውኃ በደረቁ ወንዝ ውስጥ ድንጋይና ግንድ እያንከባለለ ይወርድ ጀመር፣ ጣሪያ የሌለው ሲኒማም ተዘጋ። አባታችን የሚያለቅስበት ቦታ አጣ። ይህን ያኔ አላስተዋልኩትም፤ ያስተዋልኩት ቀበቶው ከሳምንት ሳምንት መበርታቱን፣ አንዳንድ ቀንም ከወደቅን በኋላ አንድ ሁለት ጊዜ መጨመር መጀመሩን ብቻ ነበር።

በአንድ ዝናባማ ከሰዓት በኋላ ዘውዴ የአባታችንን የእሑድ ኮት ለብሶ፣ አሮጌ ቀበቶውን ታጥቆ፣ በግቢው ልጆች ፊት አባታችንን ሆነ። ሲኒማ ቤት ውስጥ ተቀመጠ፣ መሐረብ አወጣ፣ አለቀሰ፤ «አረመኔ! አንድ ፍሬ ልጅ!» ብሎ ጉልበቱን በጡጫ መታ። ከዚያ ተነሥቶ ወደ ቤት ሄደ፣ ከንፈሩን አሞጠሞጠ፣ በግራ እጁ እንባውን እየጠረገ በቀኙ ቀበቶውን መዘዘ። ልጆቹ በሳቅ ተንከባለሉ። ተመቺው ልጅ እኔ ነበርኩ፤ ወድቄ፣ ፊቴ ወደ በሩ ዞሮ ነበር፤ እንደተጋደምኩም አባታችንን በበሩ መሐል አየሁት። ወርክሾፑ በጎርፉ ምክንያት ቀድሞ ተዘግቷል። ውኃው ከባርኔጣው ጫፍ ይንጠባጠብ ነበር። መቼ እንደመጣ አላውቅም፤ ከፊቱ እንደተረዳሁት ግን ሁሉንም አይቷል።

ልጆቹ በአጥሩ ሥር እየሾለኩ ጠፉ። ዘውዴ ዞር ብሎ ሲያየው እጁ አየር ላይ ቀረ።

«ለምን አቆምክ?» አለው አባታችን። «ጨርስ እንጂ።»

ዘውዴ አልተንቀሳቀሰም። ያ ብረት የለመደ መዳፍ ቀኝ ጆሮው ላይ አረፈ። ወንድሜ ወደቀ፤ ጉልበት፣ ዳሌ፣ ትከሻ የሚባል ነገር አልነበረም። እጁን ወደ ፊት ሳያደርግ፣ ግንባሩን ድንጋይ ላይ ጥሎ፣ እንደ ጆንያ ወረደ።

«ደግሞ አዲስ አወዳደቅ አመጣህ!» ብሎ ጮኸ አባታችን፤ ቀበቶውን ከእጁ ነጥቆም በዘለበቱ በኩል ያወርድበት ጀመር። «ተነሥ! ተዋናይ! ይቺን እኔ ነኝ ያሳየሁህ!» ጀርባውን መታው፣ ወገቡን መታው፣ ክንዱን መታው። እኔ የማየው አውራ ጣቱን ነበር። ጭቃ በነካው ባዶ እግሩ ላይ አውራ ጣቱ ዝም ብሏል። «አባዬ! ጣቱ አልተንቀሳቀሰም! ትወና ሲሆን ጣቱን ያንቀሳቅሳል! እውነት ነው፣ አባዬ!» እያልኩ እግሩ ላይ ተጠመጠምኩ። ገፍትሮ ጣለኝ። «አንተም ድርሻህን በደንብ ይዘሃል» አለኝ። እናታችን በጓዳው በር ላይ ቆማ፣ እንደ ልማዷ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ፣ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ደሙ ከጆሮው ወጥቶ በአንገቱ ላይ ሲወርድ አባታችን ቆመ። አላመነም። ጎንበስ ብሎ፣ «ቀይ ሥር» አለ፤ ጣቱን ነክሮ ወደ አፉ ወሰደና ቀመሰው።

ያንን ፊት በየትኛውም ሸራ ላይ አላየሁም። በዕድሜዬ ሁሉ፣ ከድሮዎቹም ከአሁኖቹም፣ ያንን ፊት የሚያወጣ ተዋናይ ስፈልግ ኖሬያለሁ፤ ማንም አላወጣውም፤ እንዲያወጣውም አልመኝም። ቀበቶው ከእጁ ወደቀ። ወንድሜን ትከሻው ላይ ጥሎ እየሮጠ ወጣ፤ ሐኪም ቤቱ ከወንዙ ማዶ ስለነበረ፣ ሰዎች ከዳር ሆነው «ይወስድሃል! ተመለስ!» እያሉ ሲጮሁ፣ እስከ ደረቱ በሚደርስ ጎርፍ ውስጥ ተሸክሞት ተሻገረ። ዘውዴ ተረፈ። የቀኝ ጆሮው ታምቡር ግን ተቀዶ ነበር፤ ከዚያም መግሎ መስማቱን ለዘለቄታው አጣ።

መስከረም ሲጠባ ሲኒማ ቤቱ ተከፈተ። አባታችን እንደ ድሮው ኮቱን ለብሶ እስከ በሩ ወሰደን፤ እሱ ግን አልገባም። ፊልሙ እስኪያልቅ ከውጭ፣ ኒም ዛፉ ሥር፣ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ይጠብቀን ነበር፤ እስኪሞት ድረስም ወደ ውስጥ አልገባም። በዘውዴ ላይ እጁን ዳግመኛ አላነሣም። እኔን መትቶኛል፤ በመታኝ ቁጥር ግን ወዲያው ጎንበስ ብሎ ፊቴን ለረጅም ጊዜ ያየኝ ነበር፣ ያ እይታ ከምቱ ይልቅ ያስፈራኝ ነበር። ዘውዴ ልብስ ሰፊነት ተማረ፣ ልጆች ወለደ፣ ተሰደደ። ፊልም ማየት አልተወም፤ ስለ ተዋንያን መከራከርም አልተወም። ዳግመኛ በትወና ሌላ ሰው ሲሆን ግን ያየው የለም።

እንግዲህ በናይሮቢው ሳሎን ውስጥ ናኦሚ ፊልሙን ያቆመችው፣ ዘውዴ ክንዴን ባወረደልኝ ቅጽበት ነበር። በቴሌቪዥኑ ላይ የአባትየው እጅ ቀበቶ እንደያዘ አየር ላይ ቀረ። «ፌክ ነው እኮ» አለችኝ ልታጽናናኝ ፈልጋ። «ልጁ ሲወድቅ ከሥሩ ፍራሽ አለ። ማንም ይችላል፤ እይ!» ብላም ራሷን ሶፋው ላይ ወረወረች።

«ይሄ መተኛት ነው» አላት ዘውዴ። «መውደቅ ሌላ ነው።»

«እስቲ አንተ አሳየኝ!»

ዘውዴ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ማሰሪያ ፈታ። ከዚያ ጫማውን አወለቀ። መነጽሩን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና በሳሎኑ መሐል፣ ምንጣፉ ላይ ቆመ። «ማሙሽ፣ ና ምታኝ» አለኝ።

«ወንድም ጋሼ፣ ተው። ጉልበትህን ታውቀዋለህ።»

«በአየር ላይ ነው እንጂ! የድራማ መምህር አይደለህም እንዴ? ወይስ ማስተማር ብቻ ነው የምትችለው?»

ናኦሚ አጨበጨበች። ተነሥቼ ፊቱ ቆምኩ። እጄን ሳነሣ ዓይኑ ወደ እጄ አልሄደም፤ ከንፈሬን ነበር የሚያየው፤ እኔም ከንፈሬ መሞጥሞጡ የታወቀኝ ያን ጊዜ ነው። መዳፌ ከፊቱ ርቃ አየሩን ቆርጣ አለፈች። ወንድሜ ወደቀ። መጀመሪያ ጉልበቱ፣ ቀጥሎ ዳሌው፣ ቀጥሎ ትከሻው፣ ከሁሉ በኋላ ሽበታሙ ራሱ በታጠፈ ክንዱ ላይ። ከቆመበት እስከ ምንጣፉ ያለው መንገድ አንድም ቦታ ሳይቆረጥ፣ እንደ ጋቢ ወረደ፤ መልኩ ግን ተበላሽቶ ነበር፣ አፉ ተጣሞ፣ ዓይኑ ነጩ ብቻ ቀርቶ ነበር። ዘመናችንን ሙሉ ስንከራከርበት የኖርነው ነገር ሁለቱም ወገን በአንድ አካል ላይ ተዘርግቶ ነበር። ናኦሚ «ዋው!» ብላ ከሶፋው ተነሣች።

አውራ ጣቱን አየሁ። በግራጫው ካልሲ ውስጥ በቀስታ ተንቀሳቀሰ።

አይቼዋለሁ። ሆኖም ምንጣፉ ላይ ተንበረከክሁ፣ ራሱን ቀና አድርጌ መዳፌን ከቀኝ ጆሮው ሥር አስገባሁ። ደረቅ ነበር። መዳፌን ዓይኔ ሥር አምጥቼ አየሁት፤ ከዚያ መልሼ አስገባሁት።

ዘውዴ አንድ ዓይኑን ከፈተ። «ጣቴን አላየህም እንዴ?»

«አየሁ።»

«ታዲያ እታች ምን ትሠራለህ?»

ናኦሚ መጥታ በማይሰማው ጆሮው በኩል ቁጢጥ አለችና ትከሻውን እየዳሰሰች፣ «ፖሌ፣ ጋሽ ዘውዴ። ፖሌ ሳና» አለችው፤ ስዋሂሊዎች የታመመንም፣ የወደቀንም፣ ያዘነንም የሚያጽናኑበት ቃል ነው። ምን እንዳጽናናችው አታውቅም ነበር። እሱም በዚያ ጆሮው አልሰማትም፤ እጇን ግን ያዘው።

በድሬዳዋው ግቢ ተመልካች ሞልቶ ነበር፤ በአጥሩ ሥር የሾለኩት ልጆች፣ ፊቷን ያዞረችው እናቴ፣ በሁለት እጄ የአባቴን እግር የያዝኩት እኔ፤ ዘውዴ የእውነት ወድቆ ሳለ፣ እውነት ቢሆንስ ብሎ ወደ ወደቀው ልጅ ጎንበስ ያለ ከእኛ አንድም አልነበረም። በናይሮቢው ሳሎን ትወና መሆኑን ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ ናኦሚና እኔ ግን ከወደቀው አጠገብ መሬት ላይ ነበርን።

«በሉ አንሡኝ» አለ ዘውዴ። «ጉልበቴ የእውነት ነው።»

ናኦሚ በአንድ በኩል፣ እኔ በሌላ በኩል ሆነን አነሣነው፤ መነጽሩንም አደረግንለት። ቴሌቪዥኑ ላይ ያ አባት ቀበቶውን እንዳነሣ ቆሞ ነበር። ፊልሙ ይቀጥል ያለ ሰው አልነበረም።